ከቪየና ጭሮ ስንት ሰዓት ነው

ልተኛ ብዬ ስልኬን አጥፍቼው ነበር፣ ከዚያ የጭሮ ጎረቤታችን ሂክማ የላከችውን የድምፅ መልእክት አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው ብዬ አበራሁት፣ ይኸው አራተኛዬ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እዚህ ቪየና ዘጠኝ ዓመት ኖሬም ሰዓት የምቆጥረው እንደ አገሬ ነው፤ የፈረቃዬን ወረቀት ሳይ በልቤ ስድስት እቀንሳለሁ፣ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም፣ የስምሪት ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ሌሊቱን አውሮፕላን ሳጸዳ አድሬ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሄድ እኔ ቤቴ ገባሁ፣ ወፍራሙን መጋረጃ ጋረድኩ፣ ብርሃኑ ግን በጎን እየሾለከ ፊቴ ላይ ይወድቃል፣ ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ወንበር ትጎትታለች፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እዚያ አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ አባዬ ምሳውን ሊበላ ነው። እሑድ የእማዬ የሰባት ዓመት ተዝካር ይወጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ውሸት ይዤ ኖሬያለሁ፣ ውሸቱም ይሄ ነው፦ ከቪየና ጭሮ ሦስት ቀን ይፈጃል ብያለሁ። ለሌላ ሰው ብዬው ቢሆን ምንም አልነበረም። ያልኩት ግን ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ሰዓት ሲጽፍ ለኖረ ሰው ነው።

አባዬ ኃይለየሱስ የጭሮ መናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ ነበር። ከደብረ ብርሃን ደብዳቤ ይዞ ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ለምን አልተመለስክም ሲሉት «መኪና አጥቼ» ይላል፣ የአገሩ መኪና ሁሉ በእጁ እያለፈ። ቢሮው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፣ አንድ መስኮት አላት፣ ከመስኮቱ ሥር የእኔ ዱካ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያች ዱካ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ ከተራራው ጭጋግ ይወርዳል፣ ረዳቶቹ «ሂርና! ሂርና! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ፣ አንድ ሰው የሚሉት አምስት ሰው ሲጎድላቸው ነው፣ አባዬ በመስኮቱ ብቅ ይልና «ያ አንድ ሰው ስንት ነው?» ይላቸዋል፣ ይስቃሉ። ሾፌሩ የመውጫ ወረቀቱን ሲቀበል አባዬ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፦ የተነሳበት ሰዓት፣ መድረሻው፣ የተሳፋሪው ቁጥር፣ የደረሰበት ሰዓት። ያችን የመጨረሻዋን ማንም ጻፍ አላለውም፣ የራሱ አመል ናት። መድረሱን ከማን ይሰማል? ከበደሳ የሚመለሰውን ሾፌር አስቁሞ «ጠዋት የለቀቅኩት ገባ ወይ?» ይለዋል፣ ከመሰላ ገበያ የመጡትን ሴቶች ሳይቀር ይጠይቃል፣ ካልሰማ እራቱ አይበላለትም። እማዬ ባየች ትናደዳለች። «መኪናው ያንተ ነው? ሰዎቹ ያንተ ናቸው?» ትለዋለች። «እኔ ነኝ የለቀቅኳቸው» ይላታል። ጫት የጫኑትን አይሱዙዎች ግን አይጽፋቸውም፤ እነሱ በሰዓት ሳይሆን በዱዓ ነው የሚሄዱት ይላል።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ራሱ በለቀቀው መኪና ይሳፈራል፣ ሰዓቱ ልክ መሆኑን ሊያይ። እኔን ይዞኝ ይሄዳል። ጅብሪል ያኔ ጎረምሳ ሾፌር ነው፣ የሂርናን መስመር የሚሠራ፣ አባዬን ከኋላው ሲያይ የሚነዳው አነዳድ የሙሽራ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ሰዓቱን ይተዉልኝ፣ እየተሳቀቅኩ ነው» ይላል። አባዬ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ለእኔ ይሰጠኛል፣ «አንቺ ነሽ የምትይዢው፣ እኔ አላየሁም» ይላል፣ እኔም በሁለት እጄ ይዤው ወደ ውጭ ማየት እንኳ እረሳለሁ፣ ማሽላው ያልፋል፣ ቡናው ያልፋል፣ እኔ የማየው የሰዓቱን ቀጭን ቆጣሪ ነው። ሂርና ስንወርድ ሳንቡሳ ይገዛልኛል፣ ትኩስ ስለሆነ እየነፋልኝ። «ስንት ሆነ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ያን ቀን ከነገርኩት ሰዓት አንዲት ደቂቃ እንኳ አልጨመርኩም አልቀነስኩም፣ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አባቴን ለመዋሸት አሳቡም አልመጣልኝም። አሁን ሳንቡሳው አፌ ውስጥ አለ፣ ምስሩ፣ ቃሪያው። ናፍቆኛል። ጭሮ ናፍቃኛለች፣ ያቺ ዱካ ናፍቃኛለች፣ የእማዬ ቁጣ እንኳ ናፍቆኛል።

አባዬ ሲያለቅስ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ይመስለኛል፣ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ፣ የእድር ሰዎች ናቸው፣ ጎረቤቶች ናቸው፣ የሂክማ አባት ሑዘይፋም ጋቢውን ተከናንቦ ከእነሱ ጋር ቆሟል፣ መርዶ ነው። የአባዬ እናት ደብረ ብርሃን ሞታለች፤ ዛሬ አይደለም፣ ትናንትም አይደለም፣ አርባዋ ወጥቷል። ደብዳቤው ለእድሩ ዳኛ ደርሶ አሥር ቀን ተይዞ ቆይቷል፣ ለክፋት አይደለም፣ ሥራ ላይ እንዳይደነግጥ፣ መንገድ ላይ እንዳይጎዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እሑድ ጠዋት እንዲነገረው ነው። ወጉ እንዲያ ነው። አባዬ ግን ሲያለቅስ ስሟን አልጠራም፣ «በአንድ ቀን ተኩል እገባ ነበር እኮ! በአንድ ቀን ተኩል እገባ ነበር!» እያለ ነው ያለቀሰው፣ ሰዎቹ ትከሻውን እየያዙ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉታል፣ እሱ መንገዱን ይቆጥራል፣ አዋሽ፣ ናዝሬት፣ አዲስ አበባ፣ ሸኖ። ይሄን ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ። ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ከእኔ ነገር ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

የእኔ ነገር። ማክሰኞ ነው፣ ጥቅምት ነው፣ እንደ አሁኑ አልጋ ላይ ነኝ፣ ስልኩ ይጮኻል፣ አባዬ ነው። «አጸደ፣ ተቀመጪ» ይለኛል። ተኝቻለሁ አልኩት። «እናትሽ ዛሬ ንጋት ላይ ዐርፋለች። እዚህ ስድስት ሰዓት ነው። መንገዱ ስንት ሰዓት ነው ልጄ?» በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ሰው ሳይላክ፣ ጓደኛ ሳይሰበሰብ፣ በር ሳይንኳኳ፣ በስልክ፣ ለብቻዬ፣ ፀጉሬን በሻሽ እንደጠቀለልኩ። ማልቀስ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ቁጥር ነው። «ሦስት ቀን» አልኩት። «ሦስት ቦታ ይቀየራል፣ ትኬቱም ቶሎ አይገኝም፣ ሦስት ቀን ይፈጃል አባዬ፣ አትጠብቁኝ።» ከኋላው የሴቶች ለቅሶ ይሰማኛል። «ሦስት ቀን» አለ፣ እንደሚጽፍ ሰው ቀስ ብሎ። «እሺ። ውሃ ጠጪ። ብቻሽን አትሁኚ።»

ለምን እንደዋሸሁ ለራሴ ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ። ሥራው አዲስ ነው፣ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከቀረሁ ያሰናብቱኛል፤ ይሄ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። እማዬ ከዚያ በፊት በነበረው ገና «ዓይኔ ሳይደክም ልይሽ» ብላኝ «ለፋሲካ» ብያት ነበር፣ ፋሲካው መጥቶ ሄደ፣ እኔ አልሄድኩም፣ አሁን ሬሳዋ ፊት ሄጄ ምን ልበል? ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም። ደግሞ እማዬ ለጭሮ ሰው ሁሉ «ልጄ የምትሠራው አውሮፕላን ላይ ነው» ብላለች፣ አልዋሸችም፣ አውሮፕላን ላይ ነው የምሠራው፣ መጥረጊያ ይዤ። ያን ቀን ማታም ሥራ ገባሁ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ለእኛ ቡድን ደረሰው። የወንበር ኪስ አጸዳሁ፣ አንዱ ውስጥ ሰው የረሳው ዳቦ ቆሎ በላስቲክ አገኘሁ፣ ቀበቶዎቹን አጣምሬ በየወንበሩ ላይ አስተኛሁ፣ ሃያ ሁለተኛው ረድፍ ስደርስ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ካርታው በርቷል። አዲስ አበባ፣ አራት ሺህ ስምንት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ። በልጅነቴ ከአዲስ አበባ ጭሮ በአውቶቡስ ስምንት ሰዓት ነበር፣ ምሳ አዋሽ ተበልቶ። ያየሁትን ደግሜ አየሁት። የቡድኔ መሪ ከበሩ ብቅ ብላ «ጨረስሽ?» አለችኝ፣ ጨርሻለሁ አልኳት፣ በኋላ በር ወረድኩ። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ውሸቱ እኔን መግዛት ጀመረ። ከሄድኩ መንገዱ ስንት እንደሆነ ይታወቃላ! ማታ ተነስቼ በማግስቱ ጭሮ ብገባ አንዱ ሞኝ ተነስቶ «ያኔ ሦስት ቀን አልነበረም እንዴ?» ይላል፣ በሰው ፊት፣ በአባዬ ፊት። ስለዚህ ለአርባዋ አልሄድኩም፣ ለሙት ዓመቷ አልሄድኩም፣ አባዬ ዓይኑን ሲታከም አልሄድኩም፣ ሰባት ዓመት። በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ፣ ስለ ዝናቡ ይነግረኛል፣ ስለ አዲሱ አስፋልት፣ ስለ ስኳር ድንቹ ዋጋ፣ ከዚያ ልንዘጋ ስንል እሱ ቀድሞ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ለመምጣት አትልፊ» ይለኛል፣ እኔም «አዎ አባዬ፣ ሩቅ ነው» እላለሁ። ይሄን ስንባባል ስንት ጊዜ ሆነ! ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን መናገር ያሳፍረኛል፤ ቂም ይዤበት ነበር። እዚህ ያሉ የአገሬ ሴቶች ዘግይተው ሲሰሙ «በስልክ? ለብቻሽ? አንጀቱ እንዴት ቻለለት?» አሉ፣ እኔም አላስተባበልኩም፣ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ከእኔ ሌላ ጥፋተኛ ተገኘልኝ። ከእነሱ ጋር አብሬ «ጨካኝ ነው» ብያለሁ። በአፌ ብያለሁ።

አሁን ሂክማ። የሑዘይፋ ልጅ ናት፣ ሱቃቸውና የአባዬ ቤት አጥር ለአጥር ነው፣ አሁን ሱቁን የያዘችው እሷ ናት፣ የአባዬን መድኃኒት የምታስታውሰው እሷ፣ ስልክ የምትደውልለት እሷ። ማታ ሥራ ላይ ሳለሁ የላከችውን ጠዋት ባቡር ውስጥ ነው የሰማሁት፣ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። አምስተኛዬን ልስማው።

«አካም ጂርታ አጸዱዬ፣ ደህና ነሽ? ጋሼ አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው። የእሑዱን ጨርሰናል፣ ድንኳኑን አባቴ ያመጣል፣ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻ በግ ይታረዳል፣ አታስቢ። እ... አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጋሼ እንዳይሰሙ ሱቅ ጓዳ ገብቼ ነው። የድሮ ደብተሮቻቸውን አቧራ ስጠርግ የእትዬ ባየችን ጊዜ አገኘሁት። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ጋሼ በጠዋት መጡ፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ግን የመናኸሪያው ድምፅ ነው። ‹ሂክማ፣ በስልክሽ ከቪየና አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ፈልጊልኝ› አሉኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል አልኳቸው፣ ጻፉ። ከአዲስ ድሬ አንድ ሰዓት አልኳቸው፣ ጻፉ። ‹ዛሬ ማታ ብትነሳ ነገ አራት ሰዓት ድሬ ትወርዳለች፣ ስምንት ሰዓት ጭሮ ትገባለች፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው› አሉ። ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ትቀበር ሲል እምቢ ብለው አሳደሯት። ‹ልጅቷን በስልክ አትንገራት፣ ነውር ነው› ሲሏቸው ‹ከነገርኳት ትደርሳለች፣ ከደበቅኳት አትደርስም› አሉ። ከዚያ ለአንቺ ደወሉ። ሦስት ቀን አልሽ። አቦ፣ አልፈርድብሽም፣ እኔ ማነኝ። ወጥተው ድንኳኑ ውስጥ ‹መንገዱ ሦስት ቀን ነው፣ ልጄ አትደርስም፣ እንዳትቀየሟት› አሉ። ወላሂ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ማታውን ግን ጅብሪልን ጠርተው ከነሚኒባሱ ድሬ ላኩት፣ ምናልባት ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብለው። ደብተሩ ላይ አለ፣ ላንብብልሽ፦ ተነሳ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። መድረሻ፣ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ። ተሳፋሪ፣ አንድ። ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀለም፦ ተመለሰ፣ ስምንት ሰዓት፣ ባዶ። አጸዱ፣ አትቀየሚኝ። ሰባት ዓመት ሊሆን ነው ብዬ ነው።»

እንግዲህ ያውቃል። ከመጀመሪያው ያውቃል። ሳልዋሸው በፊት ያውቃል። ስንት ቀን አላለኝም እኮ፣ ስንት ሰዓት ነው ያለኝ፣ እኔ ነኝ ቀን ያደረግኩት። ሰዓቱን አጥቶ አይደለም የጠየቀኝ፣ ሾፌሩን ራሱን «ስንት ሰዓት ትገባለህ?» ብሎ እንደሚጠይቀው፣ ከአፌ ሊሰማ ነው። ጨካኝ ያልኩት ሰው እናቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው ነው፣ በእሱ የደረሰው በእኔ እንዳይደርስ ወጉን አፍርሶ፣ በእድሩ ፊት ነውረኛ ተብሎ ነው የደወለልኝ። በአንድ ቀን ተኩል እገባ ነበር እኮ። አባዬን፣ የኔን አባት፣ አንዲት ደቂቃ አጎደልክ ብሎ ከሾፌር ጋር የሚጣላውን ሰው፣ በእኔ ምክንያት ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ስድስት ሰዓት ተኩልን ሦስት ቀን አስባልኩት። በየሁለት ቀኑም «መንገዱ ሩቅ ነው» እያለ የሚያስተኛኝ ለካ እኔ እንዳላፍር ነው።

ጅብሪል ይታየኛል። ሌሊቱን ነድቶ ገብቶ፣ ሚኒባሷ ውስጥ አሸልቦ፣ ፀሐይ ስትወጣ ፊቱን ተለቃልቆ ኤርፖርቱ በር ላይ ቆሟል። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ያርፋል፣ ሰው ይወጣል፣ ሻንጣ የያዘች ሴት ሁሉ እኔን ትመስለዋለች፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ሰው ያልቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ እሱ ግን ቶሎ አይሄድም፣ አንዱን ጥበቃ «ሌላ የቀረ ሰው የለም?» ይለዋል። ከዚያ ያን ዳገት ሁሉ ወጥቶ፣ ቁልቢን አልፎ፣ ጨለንቆን አልፎ፣ ሂርና ላይ ሰው እጁን ሲያወጣለት ሳይቆም፣ አንድ ወንበር ሲጎድለው የሚጮኸው ጅብሪል፣ ሚኒባሷን ባዶዋን ነዳት። አባዬ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል፣ ስምንት ሰዓት ነው፣ መኪናዋ ትመጣለች፣ በሰዓቷ ነው የመጣችው። እኔ ያኔ ከፈረቃ ወጥቼ ተኝቼ ነበር።

ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። ደመና ነው፣ ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል። ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ? አጸደ! አልተኛሽም እንዴ? አሁን የእንቅልፍሽ ሰዓት አይደለም?»

«አልተኛሁም አባዬ። ምሳ በላህ?»

«በላሁ፣ በላሁ። ስለ እሑድ አትጨነቂ፣ ሁሉም ተሟልቷል፣ እነ ሑዘይፋ አሉ። አንቺ እዚያው ሻማ አብሪላት፣ ይበቃል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ለመምጣት...»

«አባዬ» አልኩት። «ስድስት ሰዓት ተኩል ነው።»

ከአጥሩ ማዶ ረዳት ይጮኻል፣ «ሂርና! ሂርና! አንድ ሰው!»፣ መናኸሪያው ከቤታችን ሩቅ አይደለም። አባዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ያኔም ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር» አልኩት። «ዋሽቼህ ነው። እማዬን ማየት ፈርቼ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቼ ነበር አባዬ፣ ተቀምጬ ነበር፣ ወረድኩ።» ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ያን ማክሰኞ ያልመጣው ለቅሶ ነው የመጣው፣ እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ አይዞሽም አላለኝ፣ ተይም አላለኝ።

«መቼ ነው የምትነሺው?» አለኝ ዝም ስል።

ትኬት አልቆረጥኩም። ፈቃድ አልጠየቅኩም። «ሐሙስ» አልኩት። «ሐሙስ ማታ፣ አራት ሰዓት ላይ።»

«ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ድሬ ትወርጃለሽ» አለ፣ ሳያስብ፣ ሳይቆጥር፣ ሰባት ዓመት በቃሉ ይዞታል። «ስምንት ሰዓት ጭሮ ትገቢያለሽ። ሂክማ! ደብተሩን አምጪልኝ፣ እስክሪብቶም!» ወንበሩን ሲስብ ይሰማኛል፣ ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። «ተሳፋሪ አንድ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሂክማ።

«ጅብሪል አሁንም ይነዳል?» አልኩት።

«ይነዳል እንጂ፣ እሱም መኪናዋም አርጅተዋል። እሱን ነው የምልከው። የሚቆምበትን ቦታ ያውቀዋል።»